ምዕራፍ አራት፦ ለአጭር ድምፅ ሦስት መልስ

ማንዶሊን ድምፅ ማቆየት አይችልም። ክሩ አጭር ነው፤ ከአንገቱ ጫፍ እስከ ብሪጁ (ክሮቹ ሳጥኑ ላይ እስከሚያርፉበት እንጨት) ያለው ርዝመት በአብዛኞቹ ማንዶሊኖች ከ33 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን በጊታር ላይ ግን 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህ አጭር ክር ቀጭንም ነው፣ በኃይልም የተወጠረ ነው። የተሰጠውን ጉልበት በብሪጁ በኩል ቶሎ ለሳጥኑ ያስረክባል፤ ሳጥኑም ትንሽ በመሆኑ ወዲያው ወደ አየር ይለቀዋል። ስለዚህ ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣና ወዲያው ይከስማል። የመሰንቆ ድምፅ ደጋኑ እስከተሳበ ድረስ ይቀጥላል፣ ዋሽንትም ትንፋሽ እስካለ ይዘልቃል። ማንዶሊን ተጫዋች ግን ክሩን አንዴ ከመታ በኋላ ድምፁን ሊያጎላውም ሆነ ሊያረዝመው አይችልም። የቀረው ምርጫ እንደገና መምታት ነው።

የማንዶሊን የቀኝ እጅ ጥበብ በሙሉ የተወለደው ከዚህ ጉድለት ነው። የኔፕልስ ሙዚቀኞች ድምፁን በፍጥነት እየደጋገሙ በመምታት እንዳይቋረጥ አደረጉት። የኬንታኪው ቢል ሞንሮ በተቃራኒው አጭሩን ድምፅ ይበልጥ አሳጥሮ የከበሮ ሥራ ሰጠው። የቨርጂኒያው ጄሲ ማክሬይኖልድስ ደግሞ አንዱ ክር ዝም ሳይል ሌላውን እየነካ ክፍተቱን ሞላው። ግራ እጅ የትኛው ድምፅ እንደሚሰማ ይመርጣል። ያ ድምፅ መቼ እንደሚነሣ፣ ምን ያህል እንደሚጎላ፣ ሻካራ ይሁን ለስላሳ የሚወስነው ግን ፒኩን፣ ማለትም መምቻውን፣ የያዘው እጅ ነው። ጀማሪ ዓይኑን ግራ እጁ ላይ ተክሎ ይቀራል። ዓመታት ያለፉት ተጫዋች ጨዋታው ለምን እንደማያምርለት ሲቸገር፣ ብዙውን ጊዜ መልሱ ያለው እምብዛም ባላየው እጁ ላይ ነው።

ከሦስቱ መልሶች በፊት መሣሪያው ራሱ ከቀኝ እጅ ምን እንደሚጠይቅ ማየት ያስፈልጋል። ማንዶሊን ስምንት ክሮች አሉት፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው አራት ቦታ ተሰልፈዋል። ቅኝታቸው የቫዮሊን ነው፤ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ። በሰከንድ የሚርገበገቡት በቅደም ተከተል 196፣ 294፣ 440 እና 659 ጊዜ ገደማ ነው። ጥንዶቹ አንድ ዓይነት ድምፅ ስለሚሰጡ ፒኩ በእያንዳንዱ ምት ሁለቱንም ማቋረጥ አለበት። ጀማሪ ቁልቁል ሲመታ ሁለቱንም ያገኛል፤ ሽቅብ ሲመለስ ግን ብዙ ጊዜ የሚነካው አንዱን ብቻ ነው። ውጤቱ አንዱ ምት ወፍራም፣ ቀጣዩ ቀጭን የሆነ የሚያነክስ ድምፅ ነው። ይህን ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም። አንድ ጥንድ ክር ላይ ቀስ ብላችሁ ቁልቁልና ሽቅብ ምቱ፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የትኛው ምት የትኛው እንደሆነ መለየት ከቻላችሁ የሽቅቡ ምት ገና ሥራ ይቀረዋል።

የስምንቱ ክሮች ውጥረት ሲደመር ወደ 80 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ለዚህ ነው ስስ የጊታር ፒክ ማንዶሊን ላይ የማይሠራው። ስስ ፒክ ክሩን ከመግፋቱ በፊት ራሱ ይታጠፋል፤ ድምፁ ይዘገያል፣ ከሙዚቃው ይልቅ የፕላስቲኩ ጠቅታ ይሰማል። ብዙ ተጫዋቾች ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ይመርጣሉ። ጫፉ የሾለ ፒክ ጥርት ያለ፣ ክብ ጠርዙ ደግሞ የሞላ ድምፅ ያወጣል፤ ስለዚህ ባለ ሦስት ማዕዘን ፒክ ያላቸው ሰዎች አዙረው ክብ ትከሻውን ሲጠቀሙ ማየት የተለመደ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኔፕልስ ማንዶሊን ክሮች የአንጀትና የናስ ድብልቅ ሆነው ውጥረታቸው ቀለል ያለ ስለነበር የወፍ ላባ አገዳ ይበቃቸው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የብረት ክር ሲገባ ጠንከር ያለ ነገር አስፈለገና ከባሕር ኤሊ ድንጋይ የሚሠራው ፒክ ተመራጭ ሆነ። የዚያ ኤሊ ዓለም አቀፍ ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ የታገደ ነው፤ ደግሞም መታገዱ ተገቢ ነው። ዛሬ ሴሉሎይድ፣ ናይለንና ሌሎችም ፕላስቲኮች ሥራውን በበቂ ሁኔታ ይሠራሉ።

አያያዙ እንዲህ ነው። እጃችሁን ሳትጨብጡ ላላ አድርጋችሁ ጣቶቻችሁን ወደ ውስጥ ሰብስቡ። ፒኩ በአመልካች ጣት ጎን ላይ፣ በመጨረሻው መገጣጠሚያ አካባቢ ይቀመጣል፤ አውራ ጣት በመዳፉ በኩል ከላይ ይተኛበታል። ከጣቶቹ ውጭ የሚታየው የፒክ ጫፍ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ከወጣ ክሮቹ መካከል እየሰመጠ ይያዛል። የአያያዙ ጥንካሬ በሁለት ነገሮች መካከል ነው፦ ፒኩ እንዳይወድቅ ይያዝ፣ ግን ክሩ ሲገፋው ትንሽ የሚወዛወዝበት ነፃነት ይኑረው። አጥብቆ የሚይዝ ሰው የእጅ አንጓው ይቆለፋል፤ አንጓው ከተቆለፈ ክርኑ መሥራት ይጀምራል፣ ከዚያም ትከሻው። በትከሻ የሚጫወት ሰው አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ይደክመዋል፤ በየቀኑ ከደገመው ደግሞ ጅማቱ ይታመማል። ሕመም ከተሰማ መቆም ነው፤ በጽናት የሚታለፍ ነገር አይደለም።

እንቅስቃሴው ከየት ይምጣ? እጁን ታጥቦ ፎጣ ያጣ ሰው ውሃውን ከጣቶቹ እንደሚያራግፈው ነው። አንጓው ላላ ይላል፣ ክንዱም ከታች ትንሽ ይዞራል፤ ትከሻ ግን ምንም አይሠራም። ይህን እንቅስቃሴ አሳንሳችሁ ወደ ክሮቹ ስታመጡት የማንዶሊን ምት ይሆናል። ብዙዎች እጃቸውን ለማረጋጋት ትንሿን ጣት ሳጥኑ ላይ ይተክላሉ። እንደ እኔ፣ ጣቶቹ ሳጥኑን እየዳሰሱ ቢያልፉ ይሻላል። የተተከለ ጣት አንጓውን በአንድ ቦታ ያስረዋል፤ በኋላ ለሚመጣው ፈጣን ሥራም እንቅፋት ይሆናል። የመዳፉን ጥግ ብሪጁ ላይ ማሳረፍ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። የማንዶሊን ብሪጅ በማጣበቂያ የተያዘ አይደለም፤ ክሮቹ ወደ ታች ስለሚጫኑት ብቻ ነው የቆመው። ሲጫኑት ድምፁን ያፍናል፣ ሲገፉት ደግሞ ከቦታው ይንሸራተትና ቅኝቱን ያበላሻል።

የምትመቱበት ቦታም እንደ ፒኩ ምርጫ ድምፁን ይለውጣል። ክር ሲርገበገብ በአንድ ጊዜ በብዙ ክፍልፋይ ይርገበገባል፦ በሙሉ ርዝመቱ፣ በግማሹ፣ በሢሶው፣ በሩቡ፣ ከዚያም በታች። ከእነዚህ ክፍልፋዮች አንዱ የማይንቀሳቀስበት ነጥብ ላይ ብትመቱ ያ ክፍልፋይ ከድምፁ ይጠፋል። ክሩ 35 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከብሪጁ 7 ሳንቲ ሜትር ርቆ መምታት አምስተኛውን ክፍልፋይ ያጠፋዋል። ወደ ብሪጁ በተጠጋችሁ ቁጥር ከፍተኛዎቹ ክፍልፋዮች ይበረታሉ፣ ድምፁም ብረት ብረት ይላል፤ ወደ አንገቱ ስትሄዱ ይለሰልሳል። እዚህ ላይ ጥቂት ተጫዋቾች ብቻ ልብ የሚሉት ነገር አለ። ግራ እጅ 12ኛው ፍሬት ላይ ሲጫን የሚርገበገበው ክር 17.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ቀኝ እጅ ካለበት ካልተነቃነቀ ያቺው 7 ሳንቲ ሜትር አሁን የክሩ አምስተኛ መሆኗ ቀርቶ ሁለት አምስተኛ ትሆናለች። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ድምፁ በድንገት ደብዘዝ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔውም ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ ቀኝ እጅን ትንሽ ወደ ብሪጁ ማስጠጋት ነው።

ከቴክኒኮቹ ሁሉ መሠረታዊው ቁልቁልና ሽቅብን ማፈራረቅ ነው። «አንድ እና ሁለት እና» ብላችሁ ቁጠሩ፤ በቁጥሩ ላይ ቁልቁል፣ በ«እና» ላይ ሽቅብ። ዜማው በአንድ «እና» ላይ ዝም ቢልም እጅ አይቆምም፤ ክሩን ሳይነካ ሽቅብ ያልፋል። ይህን ልማድ የያዘ ሰው እግሩን ባይመታም ምቱ አይጠፋበትም፤ እጁ ራሱ ይቆጥርለታልና። ባለ 6/8 ምት ሲመጣ ግን ሕጉ ይቸግራል። ስድስቱን ምቶች በተራ ቁልቁል፣ ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ሽቅብ ብትመቱ ሁለተኛው ጠንካራ ምት የሚወድቀው ሽቅብ ላይ ነው፤ የሽቅብ ምት ደግሞ በተፈጥሮው ደከም ያለ ነው። አየርላንዳውያን ጂግ የሚሉትን ዘፈናቸውን ሲጫወቱ ቁልቁል፣ ሽቅብ፣ ቁልቁል ብለው እንደገና ቁልቁል፣ ሽቅብ፣ ቁልቁል ይላሉ። በቡድኖቹ መገናኛ ላይ ሁለት ቁልቁል ይከታተላሉ፤ ያ ትንሽ ፈታኝ ነው፣ ግን ሁለቱም ጠንካራ ምቶች ቁልቁል ላይ ያርፋሉ። ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። የችክችካ ዘፈን በ6/8 ነው፤ ማንዶሊን ይዞ ችክችካ መጫወት የሚፈልግ ሰው ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን የአየርላንድ አመታት ቢለማመድ ዘፈኑ ከመጀመሪያው ቀን ይረግጥለታል።

አሁን ወደ መጀመሪያው መልስ፣ ወደ ትሬሞሎ። በኔፕልስ የቪናቻ ቤተሰብ መሣሪያውን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዛሬ ወደምናውቀው መልክ አመጣው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የዚያው ቤተሰብ አባል ፓስኳሌ ቪናቻ ለብረት ክር የሚበቃ ጠንካራ ማንዶሊን ሠራ። ከዚያ በኋላ ረጅም ዜማ በማንዶሊን መዝፈን የተጫዋቾቹ ትልቁ ምኞት ሆነ። ትሬሞሎ ማለት አንዱን ድምፅ በፍጥነት ቁልቁልና ሽቅብ እየመቱ ጆሮ አንድ ረጅም ድምፅ እንዲመስለው ማድረግ ነው። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 100 ላይ አድርጋችሁ በእያንዳንዱ ቆጠራ ስድስት ጊዜ ብትመቱ በሰከንድ አሥር ምት ማለት ነው፤ በዚህ ፍጥነት ክፍተቶቹ መሰማታቸው ይቀራል።

ትሬሞሎ የማይሳካላቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚሳሳቱት ለፍጥነት ጉልበት የሚያስፈልግ ስለሚመስላቸው ነው። ክንዳቸውን አደንድነው እጃቸው እንዲንቀጠቀጥ ያደርጋሉ። የደነደነ ክንድ ለጥቂት ሰከንድ ፈጣን ይሆናል፤ ነገር ግን ማለስለስም ሆነ ማጉላት አይችልም። ዜማን ዜማ የሚያደርገው ግን ይህ ማጉላትና ማለስለስ ነው። ጥሩ ትሬሞሎ ከላይ ካየነው ተራ ማፈራረቅ የተለየ ነገር የለውም፤ ያው ቁልቁልና ሽቅብ እንቅስቃሴው አንሶ፣ ፍጥነቱ ጨምሮ ነው። ፒኩ ወደ ክሮቹ ውስጥ የሚገባው ጫፉ ብቻ ነው፣ ፊቱም ከክሩ ጋር ጠፍጣፋ ሆኖ ሳይሆን ትንሽ አጋድሎ ይገናኛል። ስለዚህ ክሩን ከመጎተት ይልቅ በላዩ ላይ ይንሸራተታል። ድምፁን ለማጉላት ፒኩን ጠለቅ ማድረግ፣ ለማለስለስ ደግሞ ወደ ጫፉ መመለስ ነው፤ ፍጥነቱ ግን ባለበት ይቆያል።

ሁለት ዓይነት ትሬሞሎ አለ። አንደኛው የተቆጠረ ነው፤ በአንድ ቆጠራ አራት ወይም ስድስት ምት ተብሎ ይወሰናል። ሁለተኛው ነፃ ነው፤ እጁ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል፣ ከሚቀጥለው ድምፅ ጋር ብቻ በሰዓቱ ይገናኛል። ተማሪ በተቆጠረው ቢጀምር ይሻለዋል፤ ምክንያቱም ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚሻገረው መቼ እንደሆነ ያውቃል። ቀስ ያለ ዜማ ላይ ግን የተቆጠረ ትሬሞሎ እንደ መኪና ሞተር ይሰማል፤ እዚያ ነፃውን መልመድ የግድ ነው። የኔፕልሶቹ ካርሎ ሙኒዬርና ራፋኤሌ ካላቼ ከዚህም አልፈው ሄደዋል። ካላቼ ለብቸኛ ማንዶሊን በጻፋቸው ፕሬሉዶች ውስጥ በቀጭኖቹ ክሮች ዜማው በትሬሞሎ ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ በመካከሉ እዚያው እጅ ወደ ወፍራሞቹ ክሮች ወርዶ የአጃቢውን ድምፅ ይነካና ዜማው ሳይሰበር ይመለሳል። የሚሰማው ሁለት ሰው የሚጫወት ይመስለዋል። ማንዶሊን ለቀላል ዘፈን ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው እነዚህን ሥራዎች አንድ ጊዜ ቢሰማ ይበቃዋል።

ሁለተኛው መልስ ከኬንታኪ ነው። ቢል ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1911 ሮዚን በምትባል ትንሽ ቦታ ተወለደ። ታላላቅ ወንድሞቹ ቫዮሊኑንና ጊታሩን ስለያዙት የተረፈው ማንዶሊን ደረሰው፤ በጣም እንዳይጮህባቸውም ከስምንቱ ክሮች አራቱን ብቻ እንዲያደርግ ነገሩት ይባላል። ያ ልጅ አድጎ የማንዶሊንን ድምፅ ከባንዱ ሁሉ ፊት ያቆመ ሰው ሆነ። ብሉግራስ በተባለው ሙዚቃው ውስጥ ከበሮ የለም። ኮንትራባሱ በአንድና በሦስት ላይ ይመታል፤ በሁለትና በአራት ላይ የሞንሮ ማንዶሊን አጭርና ደረቅ «ቻክ» ይላል። ይህ ቾፕ ይባላል።

ቾፕ ከባድ የሚመስለው ድምፁ ከባድ ስለሆነ ነው እንጂ ሥራው የሁለት እጅ ስምምነት ብቻ ነው። ግራ እጅ ነፃ የሚጮህ ክር በሌለበት ኮርድ ላይ ይጫናል። ቀኝ እጅ ቁልቁል አንድ ጊዜ፣ አጭርና ፈጣን አድርጎ፣ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ አተኩሮ ያልፋል። ድምፁ በተወለደበት ቅጽበት ግራ እጅ ጣቶቹን ከክሩ ሳያነሣ ጫናውን ብቻ ይለቃል፤ ክሩ ከፍሬቱ ይላቀቃል፣ ድምፁም ይቆረጣል። ክራር ለሚያውቅ አንባቢ የቾፕን አንድ የቅርብ ዘመድ ላስታውስ። የክራር ግርፍ አመታት ላይ ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ይገርፋል፤ የማይፈለገውን ድምፅ ዝም የሚያሰኙት ከኋላ ክሮቹ ላይ ያረፉት የግራ እጅ ጣቶች ናቸው። ግርፍ የሚያውቅ ሰው ቀኝ እጅ ሁሉን ሲመታ ግራ እጅ እየመረጠ እንደሚያፍን በሰውነቱ ያውቀዋል፤ ቾፕን ከጊታር ተጫዋች ቀድሞ ይይዘዋል ብዬ አምናለሁ።

ሞንሮ ከቾፑ በተጨማሪ ዜማ ሲጫወት ቁልቁል ምትን ከማንም በላይ ይወድ ነበር። ሌላው ሰው አፈራርቆ የሚመታውን እርሱ በተከታታይ ቁልቁል ይመታው ነበር፤ የእርሱ ዜማ የሚገፋ፣ የሚያስቸኩል የሚመስለው ከዚህ ነው። ዋነኛ መሣሪያው የጊብሰን ኤፍ-5 ማንዶሊን ነበር፤ የኩባንያው መሐንዲስ ሎይድ ሎር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 1923 ፈርሞበታል። ሞንሮ ያገኘው በ1940ዎቹ ፍሎሪዳ ውስጥ በአንድ ፀጉር ቤት ነው፣ የከፈለውም 150 ዶላር ነበር። ከላይ ጉብ ብሎ የተፈለፈለው የዚህ ማንዶሊን ደረት ፈጣንና ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ ቾፕ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ሆኖም በሌላ ሰው እጅ ቢሆን ያ ማንዶሊን ያን ድምፅ ባልሰጠ ነበር።

ሦስተኛው መልስ ክሮስፒኪንግ ነው። ጄሲ ማክሬይኖልድስ የኧርል ስክራግስን ባንጆ ሰምቶ ተማረከ። ስክራግስ ባንጆውን የሚመታው በሦስት ጣቶች ነበር፤ ድምፆቹ እየተንከባለሉ ሳያቋርጡ ይፈሱ ነበር። ማክሬይኖልድስ ግን በእጁ የነበረው አንድ ፒክ ብቻ ነው። ያገኘው መንገድ በሦስት ጥንድ ክሮች ላይ አንድ ቁልቁልና ሁለት ሽቅብ ነው፦ ቁልቁል በወፍራሙ፣ ከዚያ ሽቅብ በቀጭኑ፣ እንደገና ሽቅብ በመካከለኛው። ሁለቱ ሽቅቦች መከታተላቸው የመፈራረቅን ሕግ የሚጥስ ቢመስልም ለእጅ የቀለለ ነው፤ ሽቅብ የሚሄድ ፒክ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ መንገዱ ነውና አንዱን አልፎ ሌላውን ያገኛል። ስምንት ምት ባለው መስመር ውስጥ ሦስት፣ ሦስትና ሁለት ሆኖ ይከፈላል፤ ስለዚህ ቁልቁል የሚወርደው ጠንካራ ምት በእያንዳንዱ ጊዜ ሌላ ቦታ ላይ ይወድቃል፣ ዜማውም በምቱ ላይ ይንሳፈፋል። ግራ እጅ ጣቶቹን ሳያነሣ ከቆየ ሦስቱም ድምፆች እርስ በርስ ተደርበው ይሰማሉ። ማክሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ2023 እስኪያርፍ ድረስ እንዲህ ሲጫወት ኖረ።

ማንዶሊን ሲባል ብዙ ኢትዮጵያዊ አድማጭ ቀድሞ የሚያስታውሰው አየለ ማሞን ነው። የእኛን ቅኝት በዚህ መሣሪያ ለመጫወት የሚፈልግ ወጣት የኔፕልስንም ሆነ የኬንታኪን እጅ እንዳለ መቅዳት የለበትም። ትዝታን ስትጫወቱ ረጃጅሞቹ ድምፆች ነፃ ትሬሞሎ ይጠይቃሉ፤ ጭፈራ ሲመጣ ደግሞ የቁልቁል ምት ክብደት ያስፈልጋል። በአንድ ዘፈን ውስጥ ሁለቱንም መለዋወጥ ይቻላል፤ እንዲያውም ጥሩ የሚሆነው ይኸው ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ግራ እጃችሁን ከአንገቱ አውርዱ። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርጉና በባዶ የላ ክሮች ላይ በአንድ ቆጠራ ሁለት ጊዜ ምቱ፣ ቁልቁልና ሽቅብ፤ ድምፆቹ እኩል እስኪሆኑ ድረስ አትለፉ። ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስድስት። ሜትሮኖሙን ከፍ የምታደርጉት ስድስቱ በ60 ላይ ሳይደክማችሁ ሲወጡ ብቻ ነው፤ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ እስከ 100። እያንዳንዱን ረጅም ድምፅ በቁልቁል ጀምሩ፣ ቀጣዩንም በቁልቁል ተቀበሉ። ክንዳችሁ መደንደን የጀመረበትን ፍጥነት ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከእርሱ ጥቂት ዝቅ ብላችሁም ተለማመዱ። ትሬሞሎው ሲረጋ ግራ እጅ ይግባ፤ በአንድ ጥንድ ክር ላይ ብቻ የሚሄድ የምታውቁት ቀላል ዜማ ይበቃል። ቾፕና ክሮስፒኪንግ ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ፤ ወደ ሌላ ክር መሻገርን ግን በሚቀጥለው ምዕራፍ ለብቻው እናየዋለን።